በመዋኛ ገንዳ ዳር የለቀቀ ንጣፍ አጠጋገን

ከገንዳ ዳር ያለ ንጣፍ ሲለቅ በቅድሚያ የሚወቀሰው ያነጠፈው ግንበኛ ነው፤ እሱ ከሌለ ደግሞ እየዘለለ ውኃ ውስጥ የሚገባው ልጅ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ድንጋዩን ያስለቀቀው ከሥሩ የገባ ውኃ ነው። ውኃው የሚገባበት ሳይዘጋ ድንጋዩን መልሶ መለጠፍ ሲሚንቶና የቀን ሠራተኛ ማባከን ይሆናል፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ያው ድንጋይ እንደገና ይነቃነቃል። ስለዚህ እዚህ ስለ መለጠፉ የሚነገረው አጭር፣ ከመለጠፉ በፊትና በኋላ ስላለው ሥራ የሚነገረው ረጅም ነው።

መመሪያው አዳማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ሆቴል ለሚያስተዳድሩ፣ በግቢያቸውም ገንዳ ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። ቦታው ለሥራው ለውጥ ያመጣል። የአዳማ መሬት በብዙ ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ባለቀዳዳ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው፤ በበጋ ሲረግጡት ጠንካራ ይመስላል፣ ውኃ ከጠገበ ግን በያለበት ይሰምጣል። ነፋሱም አለ። 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉበት ከተማ ስለሆነ፣ ነፋስ እርጥብ ሲሚንቶን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያደርቅ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ጊዜ መምረጥ

ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ከሥር ያለው አፈር ውኃ እንደጠጣ ይቆያል፣ በንጣፉ መካከል ያሉት ክፍተቶችም ስለማይደርቁ የሚሞላባቸው እንደ ሲሊኮን ያለ ማሸጊያ አይይዝም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በእነዚህ ወራት ጠላትዎ ነፋስና ፀሐይ ስለሚሆኑ፣ ማንጠፉን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ያከናውኑ፤ ካልሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ።

የሆቴል ባለቤቶች ደግሞ የራሳቸው የጊዜ ችግር አለባቸው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፣ በመሐል ሳምንት ስብሰባ አለ፤ ስለዚህ «ሰኞ ጀምረን ዓርብ እንክፈት» ይባላል። ሲሚንቶ ይህን አይሰማም። ጥቂት ድንጋዮች ብቻ ከሆኑ የሚጠገነውን ጎን በገመድና በሳንቃ ከልለው ሌላውን ጎን መክፈት ይቻል ይሆናል። ሥራው ወደ ውኃው መግቢያ ደረጃ ከቀረበ ወይም ኤሌክትሪክ የሚነካ ከሆነ ግን ገንዳው ሙሉ በሙሉ ይዘጋ።

የለቀቀው የቱ ነው?

ዓይን ብቻውን አይበቃም። የመዶሻ እጀታ ወይም የመጥረጊያ እንጨት ይዘው እያንዳንዱን ድንጋይ በመሐሉና በአራቱም ማዕዘኖች ያንኳኩ። የተያያዘ ድንጋይ ድፍን፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው ከሥሩ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። የለቀቁትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉባቸው። ቀጥሎ በሁለት እግርዎ ዳርና ዳሩ ላይ ቆመው ያወዛውዙ፤ የሚነቃነቀውን በሌላ ምልክት ይለዩ።

ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ መነሳት የለበትም። የማይነቃነቅና ዙሪያው ያልተሰነጠቀ ድንጋይ ገና ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ለማንሳት ሲታገሉ ቢሰብሩት የሚተካው አዲስ ድንጋይ ደግሞ ከቀድሞው ጋር በቀለም ላይመሳሰል ይችላል። ምልክቱን ይዘው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ያንኳኩት።

ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ነገር መለየት አለብዎት። ከውኃው አፍ ላይ ያለው የጠርዝ ድንጋይ የተቀመጠው በገንዳው የኮንክሪት ግድግዳ ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የመራመጃ ንጣፍ ግን የተቀመጠው በአፈር ላይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ አካላት ናቸው፤ አንዱ በውኃው ሙቀት ይኖራል፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ አንዱ አይሰምጥም፣ ሌላው ይሰምጣል። የለቀቀው የጠርዙ ድንጋይ ብቻ ከሆነ ችግሩ የማጣበቂያ ወይም የግፊት ነው። የለቀቀው የመራመጃው ከሆነ መሬቱን ይጠርጥሩ። ከጠርዙ ድንጋይ ሥር ያለው ኮንክሪት ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በተለይም ስንጥቁ ወደ ገንዳው ግድግዳ የሚወርድ ከሆነ፣ ይህ መመሪያ አይበቃዎትም፤ መሐንዲስ ይጥሩ።

ውኃው ከየት ይመጣል?

የገንዳው ውኃ ቢወርድ ነፋስ ወስዶት ወይም አፈር ጠጥቶት ሊሆን ይችላል። ለመለየት ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን በገንዳው ውኃ ሞልተው በመውረጃው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ፤ በውስጡ ያለው ውኃና የገንዳው ውኃ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ሁለቱንም ምልክት አድርገው፣ ሞተሩን አጥፍተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ የወሰደው ነፋስና ፀሐይ ነው። ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከወረደ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሞተሩን አስነሥተው ይድገሙት፤ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ከወረደ ከሞተሩ ወደ ገንዳው የሚመለሰውን ቱቦ ይፈትሹ። ቱቦው ሳይጠገን ንጣፉን አይንኩ።

ገንዳው የማያፈስ ከሆነ ውኃው ከላይ ነው የሚገባው። በንጣፉ ላይ አንድ ሁለት ባልዲ ውኃ ደፍተው ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ። ወደ ገንዳው የሚመለስ ወይም ጠርዙ ሥር የሚያቁር ከሆነ ተዳፋቱ ተሳስቷል። የጣሪያ አሸንዳ ወደዚያ የሚያፈስ፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሁልጊዜ እዚያው የሚጣል፣ የዛፍ ሥር ንጣፉን ከሥር የሚያነሳ እንደሆነም ያያሉ። እነዚህን ማስተካከል ከድንጋዩ ሥራ ይቀድማል።

የሚያስፈልግዎት

መዶሻ፣ መሮ፣ የጎማ መዶሻ፣ ውኃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ሜትር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ የድንጋይ መቁረጫ ዲስክ ያለው ግራይንደር፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአቧራ ጭንብል። ዲጂኖ በቦታው አይታይ፤ አንዱን ድንጋይ ሲያነሳ ጎረቤቱን ያስለቅቃል።

አሸዋውን ሳይፈትኑ አይግዙ። በዚህ አካባቢ የሚሸጥ አሸዋ ውስጥ ቀላል የእሳተ ገሞራ ቅንጣት ሊኖር ይችላል። ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረው ያማስሉ፤ የሚንሳፈፍ ብዙ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ቀሪውን በብርጭቆው እንዳለ ለጥቂት ሰዓታት ያሳድሩት። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው የጭቃ ንብርብር ከአሸዋው ከፍታ ከመቶ 6 እጅ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ። የወንፊቱንም ሥራ አይተዉ።

መጠኑን በወረቀት ላይ ያስሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መደብ (ከድንጋዩ ሥር የሚዘረጋው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) 30 ሊትር ያህል የተዘጋጀ ድብልቅ ይፈልጋል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ከሆነ፣ ይህ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሚንቶና 31 ሊትር አሸዋ ነው። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ለ4 ካሬ ሜትር ተኩል ይደርሳል ማለት ነው። «ፒፒሲ» የሚባለው፣ እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ማዕድን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ከተራው «ኦፒሲ» ይልቅ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ያገኛል፤ ለዚህ ሥራ ችግር የለውም፣ ነገር ግን የመጠበቂያውን ቀን ይጨምሩለት።

ማንሳት

የገንዳውን ውኃ ከጠርዙ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ አይበል። ባዶ ገንዳ በዙሪያው ያለው መሬት ውኃ ከያዘ ከሥር በሚገፋው ግፊት ሊነሳና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሁለት ድንጋይ ለመለጠፍ ገንዳ ማፍሰስ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያውቀው አንድ ጊዜ የደረሰበት ነው። በውኃው ወለል ላይ ላስቲክ ወይም ሸራ ይዘርጉ፤ የወደቀ ፍርስራሽ ማጣሪያውን ይዘጋል።

ቀጥሎ የገንዳውን መብራትና የሞተሩን መስመር ከቆጣሪው ሳጥን ያጥፉ። ግራይንደሩ የሚሰካበት መስመር ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ የማራዘሚያው ገመድ መገጣጠሚያ መሬት ላይ፣ ከውኃ አጠገብ አይቀመጥ። ይህን ለመፈተሽ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ነው።

ድንጋዮቹን ከማንሳትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱና በጠመኔ ተራ ቁጥር ይጻፉባቸው። በዙሪያቸው ያለውን መገጣጠሚያ በግራይንደር በጥንቃቄ ይቁረጡ፤ ዲስኩ የድንጋዩን ጠርዝ እንዳይነካ በመሐል ይሂድ። ከዚያ ጠፍጣፋ መሮ ከሥሩ አስገብተው፣ ከመሮው በታች ቁራጭ እንጨት አስደግፈው ወደ ላይ ያንሱት። የማይነሳ ከሆነ አይታገሉ፤ ገና አልለቀቀም። ድንጋዩ ሲነሳ ጀርባውን ይመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ድብልቁ ቀድሞውኑ አልያዘውም ነበር። አራት አምስት ጉብታዎች ብቻ ካሉበት ግንበኛው ድብልቁን በጥቂት ቦታ አድርጎ ደፍቶበታል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የውኃ ማጠራቀሚያ ሆኗል። ነጭ የጨው ዱቄት ካለ ውኃ በዚያ ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ ኖሯል።

ከሥር ያለውን ማስተካከል

ለጠርዙ ድንጋይ ሥራው ቀላል ነው። የኮንክሪቱ ራስ እስኪጸዳ ድረስ አሮጌውን ድብልቅ በመሮ ያንሱ፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ፣ አቧራውን በውኃ ያጥቡ።

ለመራመጃው ንጣፍ ግን ቁፋሮ ያስፈልጋል። በተነሳው ቦታ ላይ ተረከዝዎን ይጫኑ፤ የሚገባ ከሆነ አፈሩ መውጣት አለበት። ጠንካራ መሬት እስኪያገኙ ድረስ፣ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ልል አመዱን አውጥተው ሰለክት የሚባለውን የተመረጠ አፈር ይሙሉ። በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መደብደብ ዋጋ የለውም፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ እርጥበቱ በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ ግን ጣት የማያረጥብ እስኪሆን ውኃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁ። ከላዩ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ኮንክሪት ይፍሰስ። ይህ ኮንክሪት የገንዳውን ግድግዳ መንካት የለበትም፤ በመሐላቸው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ፎም ይቁም። ግንበኛዎ «ጋሼ፣ ይያያዝ፣ ይጠነክራል» ቢልዎት አይስሙት። ሲያያዝ ነው የሚሰነጠቀው።

ማንጠፍ

ሲባጎ ከጎረቤት ድንጋዮች አናት ጋር አስተካክለው ይወጥሩ። ተዳፋቱ ከገንዳው ወደ ውጭ፣ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለዚህ ውኃ ልኩ ሥር ከአንዱ ጫፍ ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ ይበቃል።

ድንጋዮቹንና ከሥር ያለውን ኮንክሪት ቀደም ብለው በውኃ ያርጥቡ፤ ነገር ግን ውኃ ያቆረበት ቦታ አይኑር። ደረቅ ድንጋይ የድብልቁን ውኃ ይጠጣዋል፣ አካባቢው በሚያወጣው ባለቀዳዳ ድንጋይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ድብልቁ ጠንከር ያለ ይሁን፤ በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ። ከኮንክሪቱ ላይ አንድ ወጥ አድርገው ይዘርጉት፤ ከሚፈለገው ከፍታ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያትርፉ። በድንጋዩ ጀርባ ላይ በውኃ የተበጠበጠ ንጹሕ ሲሚንቶ በብሩሽ ይቀቡና ወዲያው ያስቀምጡት። በጎማ መዶሻ ከመሐል ወደ ዳር እየመቱ ወደ ሲባጎው ያውርዱት። የመጀመሪያውን ድንጋይ ካስቀመጡ በኋላ መልሰው ያንሱት። ጀርባው በሙሉ በድብልቅ ካልተሸፈነ መደቡን ያስተካክሉ። ይህን ማድረግ ግንበኛውን ያስከፋዋል፤ ቢሆንም ያድርጉት።

ለጠርዙ ድንጋይ፣ ሁልጊዜ ውኃ ስለሚረጨው፣ ለውጭና ለገንዳ እንደሚሆን በከረጢቱ ላይ የተጻፈበት የሲሚንቶ ማጣበቂያ ይሻላል። እሱም ቢሆን በኮንክሪቱም በድንጋዩ ጀርባም ይቀባ።

ሲጨርሱ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ዳር ዳሩን በድንጋይ ይጫኑት፤ ነፋስ እንዳይወስደው። ጆንያውን ለ7 ቀን እርጥብ አድርገው ያቆዩት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ማንም አይረግጠው።

ክፍተቶቹ

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ተራ መገጣጠሚያ በሲሚንቶ መሙያ ይሞላል፤ ከሦስት ቀን በኋላ እስከ ሥሩ ድረስ ተጭኖ ይገባል፣ ትርፉም ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። ይህ ቀላል ነው።

በጠርዙ ድንጋይና በመራመጃው ንጣፍ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ግን ሲሚንቶ ጨርሶ መግባት የለበትም። ኮንክሪት በሙቀት ይለጠጣል፤ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ንጣፍ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የአዳማ ቀትርና ሌሊት ይህን ልዩነት በፀሐይ በተመታ ንጣፍ ላይ ያመጣሉ። ክፍተቱ በሲሚንቶ ከተደፈነ ንጣፉ የሚሄድበት ሲያጣ የጠርዙን ድንጋይ ወደ ገንዳው ይገፋዋል። የለቀቀ የጠርዝ ድንጋይ ሲያዩ በመጀመሪያ ይህን ክፍተት የሚመለከቱት ለዚህ ነው፤ በሲሚንቶ ተደፍኖ ካገኙት ክፍተቱን በገንዳው ዙሪያ ሁሉ ከፍተው ሲሚንቶውን ያውጡት፣ የተነሱት ድንጋዮች ሁለት ብቻ ቢሆኑም።

ክፍተቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ እስከ ንጣፉ ሥር ድረስም ባዶ ይሁን። ግድግዳዎቹ ንጹሕና ደረቅ ሲሆኑ፣ ማለትም ጆንያው ተነሥቶ ቢያንስ ሌላ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ከክፍተቱ ጥቂት የሚወፍር ክብ የፎም ገመድ ተጭኖ ይገባል። ከላዩ የሚቀረው ጥልቀት የስፋቱን ግማሽ ያህል ይሁን። ፎሙ ማሸጊያው ከታች እንዳይያያዝ ያደርጋል፤ ማሸጊያ የሚሳበው ሁለት ጎኑን ብቻ ሲይዝ ነው። ዳርና ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ማሸጊያውን ሳያቋርጡ ይሙሉ፣ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጣት ወይም ማንኪያ ያለስልሱ፣ ፕላስተሩንም ወዲያው ያንሱ።

የማሸጊያው ዓይነት ወሳኝ ነው። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት መስታወት ይሁን እንጂ ሲሚንቶና ድንጋይ ላይ በደንብ አይይዝም። ለውኃ ገንዳ እንደሚሆን የተጻፈበት የማይሸት ሲሊኮን ወይም ፖሊዩሪቴን ይግዙ። የመራመጃው ንጣፍ ረጅም ከሆነ በየ3 ሜትሩ ገደማ ተመሳሳይ ልል ክፍተት ያስፈልገዋል።

ውኃውን ከመመለስ በፊት

በድንጋዩ ላይ የቀረ የሲሚንቶ ጭጋግ ካለ በብሩሽና በውኃ ይፈትጉት። ለጽዳት የሚሸጠውን ጠንካራ አሲድ አያፍስሱበት፤ አዲሱን መሙያ ይበላዋል፣ ንጣፉ እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ ገጹን ያበላሸዋል። ከክሎሪን ጋር ከተገናኘም የሚወጣው ጋዝ መርዝ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ መጋዘን ጎን ለጎን አይቀመጡ።

ማሸጊያው የሚደርቅበት ጊዜ በቱቦው ላይ የተጻፈው ነው፤ በግምት አይሙሉ። ውኃው ከተመለሰና ሞተሩ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ የውኃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ይለኩ። ወደ ገንዳው የገባ የሲሚንቶ አቧራ ከፍ ያደርገዋል። ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ማንም አይዋኝ። ማጣሪያውንም ያጽዱ፤ ላስቲክ የተዘረጋበት ገንዳ እንኳ ጥቂት አሸዋ አያጣም።

ማሸጊያው ከድንጋዩ ቀድሞ ያረጃል። በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ በጥፍርዎ ጫን እያሉ ዙሪያውን ይፈትሹት፤ ከአንድ ጎን የለቀቀውን ቆርጠው ያውጡና ያን ያህሉን ብቻ እንደገና ይሙሉ። ሲገዙም ከሚያስፈልግዎት ሦስት አራት ድንጋይ አስበልጠው ይግዙ፣ ጥላ ሥር ያስቀምጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ቀለም ከገበያ አያገኙትም።